ጥርኝ ውኃና ሚዛን፤ ስለ በላዔ ሰብእ ታሪክ የቀረበ ሐተታ

በቤተ ክርስቲያናችን ከሚነበቡት ታሪኮች መካከል የበላዔ ሰብእን ያህል በሕዝብ ዘንድ የታወቀ፥ የዚያኑም ያህል ክርክር ያስነሣ ጥቂት ነው። የካቲት 16 ቀን፥ የኪዳነ ምሕረት በዓል በሚከበርበት ዕለት፥ ካህኑ ያስተምርበታል፤ ሠዓሊው በቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ ይሥለዋል፤ እናትም በምድጃ ዳር ለልጇ ትተርከዋለች። ነገር ግን ይህ መታወቁ ራሱ አንድ ጉዳት አምጥቶበታል፤ ሁሉ ሰው አውቀዋለሁ ስለሚል አስተውሎ የሚያነበው ጥቂት ሆኗል።

ታሪኩን በሚሰሙት ዘንድ ሁለት ወገን ይታያል። አንደኛው ወገን፥ ሰባ ስምንት ነፍስ ያጠፋ ሰው በጥርኝ ውኃ ከዳነ ፍትሕ ወዴት አለ ብሎ ይቈጣል፤ ታሪኩንም ለሕፃናትና ለመሃይምናን ይተወዋል። ሁለተኛው ወገን ታሪኩን እጅግ ይወዳል፤ በላዔ ሰብእስ ድኖ የለምን እያለም ንስሐውን ከጾም ወደ ጾም፥ ከዓመት ወደ ዓመት ያሻግራል። እነዚህ ሁለቱ በአነጋገር እንደ ሰማይና ምድር የተራራቁ ቢመስሉም በአነባበብ አንድ ናቸው። ሁለቱም ታሪኩን እንደ ገበያ ሒሳብ አንብበውታልና፤ አንዱ ዋጋው ረከሰ ብሎ ያዝናል፥ ሌላው ዋጋው ረከሰ ብሎ ደስ ይለዋል። የዚህ ሐተታ አሳብ ታሪኩ ስለ ዋጋ የሚናገር እንዳይደለ ከራሱ ከታሪኩ አሠራር ለማሳየት ነው።

ስለ መጽሐፉ ጥቂት ቃል እንበል። ተአምረ ማርያም መጀመሪያ በ12ኛው ምዕት ዓመት በምዕራብ አውሮፓ፥ ይልቁንም በፈረንሳይ አገር፥ ከተሰበሰቡት ታሪኮች ተነሥቶ ወደ ዐረብኛ ተመለሰ፤ ከዐረብኛም በዐፄ ዳዊት ዘመን፥ በ14ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻና በ15ኛው መጀመሪያ ላይ፥ ወደ ግእዝ ተተረጐመ። የዳዊት ልጅ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1434 እስከ 1468 የነገሠው፥ በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ አዘዘ። ኢጣልያዊው ሊቅ ኤንሪኮ ቼሩሊ በ1943 ሮም ላይ ባሳተመው መጽሐፉ የእነዚህን ታሪኮች ምንጭና ጕዞ በሰፊው መርምሯል። ይሁን እንጂ መጽሐፉ በአገራችን እንግዳ ሆኖ አልቀረም፤ የአገሩ ደራሲዎች ብዙ አዳዲስ ተአምራት ጨምረውበት የራሳችን ሆኗል። ከተአምራቱም ሁሉ በሕዝቡ ልብ ጠልቆ የገባው ይህ ነው።

ታሪኩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ቅምር በምትባል አገር አንድ ክርስቲያን ነበረ። ሰይጣን አስቶት የሰው ሥጋ በላ፤ ቤተ ሰቦቹንም ሳያስቀር ወዳጅ ዘመዱን ፈጀ፤ የበላቸውም ነፍሳት 78 ሆኑ። ሰው ሁሉ በሸሸው ጊዜ ቀስቱንና የውኃ ዕቃውን ይዞ የሚበላውን ፍለጋ ወጣ። በመንገድም ሰውነቱ በቍስል የተመታ፥ በውኃ ጥም የተጨነቀ ድኻ አገኘ፤ ሊበላው እንኳ ተጸየፈው። ድኻው በእግዚአብሔር ስም ውኃ ለመነው፤ አልሰጠውም። በጻድቃንና በሰማዕታት ስም ለመነው፤ አልሰጠውም። በመጨረሻ በእመቤታችን ስም ለመነው፤ ያን ጊዜ በልጅነቱ ስለ እርስዋ የሰማው ትዝ አለውና ጥርኝ ውኃ ሰጠው። ውኃውም ጥም የሚቈርጥ አልነበረም፤ ጉሮሮ ከማራስ አላለፈም። ሰውዬው በሞተ ጊዜ የጨለማ መላእክት ነፍሱን ሊወስዱ መጡ፤ እመቤታችንም ልጅዋን ለመነች። ሚዛን ቀረበ፤ በአንድ ወገን ሰባ ስምንቱ ነፍሳት፥ በሌላው ወገን ጥርኙ ውኃ ተደረገ። ውኃው ቀለለ፤ ጥላዋ ባረፈበት ጊዜ ግን መዘነ፤ ነፍሲቱም ዳነች።

እንግዲህ በመጀመሪያ የልመናውን ተራ እንመልከት። በእግዚአብሔር ስም ተለምኖ እንቢ ያለ ሰው በእናቱ ስም ተለምኖ እሺ ማለቱ ብዙዎችን ያሰናክላል፤ እናቲቱ ከፈጣሪዋ በለጠችን ብለው ይጠይቃሉ። ደራሲው ግን መልሱን በአንድ ቃል አስቀምጦታል፤ ሰውዬው ትዝ አለው። ነገሩ የማዕርግ ማበላለጥ ሳይሆን የትዝታ ነገር ነው። ይህ ሰው ሰውነቱን ከማጥፋቱ በፊት ልጅ ነበረ፤ ልጅ ሳለም የሰማው አንድ ነገር፥ ያ ሁሉ ደም ሲፈስስበት፥ ከልቡ ጓዳ ሳይጠፋ ቀርቷል። የታላላቆቹ ስሞች በጆሮው ደንቍረዋል፤ የልጅነቱ ድምፅ ግን ገና ያስተጋባል። የመለኮት ፍቅር ቤቱ ሁሉ ቢዘጋበት በተከፈተችው ጭላንጭል ይገባል። ወደ ፍርዱም በደረስን ጊዜ እናቲቱ ራስዋ ልጅዋን ስትለምን እናገኛታለን፤ ስለዚህ ምሕረቱ ከማን ዘንድ እንደሚመነጭ ታሪኩ አላሳተም።

ሁለተኛው ነገር የውኃው ማነስ ነው። ችሎታው ያነሰ ደራሲ ቢሆን ኖሮ በላዔ ሰብእን ድኻውን በትከሻው ባሸከመው፥ ቍስሉን ባሳጠበው፥ ያለውንም ሁሉ ባሰጠው ነበር። እንዲህ ቢሆን ታሪኩ የንግድ ታሪክ ይሆናል፤ ክፉ ሠራ፥ በጎም ሠራ፥ ተካካሰለት እንላለን። የእኛ ደራሲ ግን ውኃውን አሳነሰው፤ ማንም ሰው ይህ ዋጋ ነው ሊል እንዳይችል አድርጎ አሳነሰው። ደግሞም ውኃው በሚዛን ላይ መጀመሪያ እንደ ቀለለ ሳይሸሽግ ነገረን። ሚዛኑ አልዋሸም፤ ጥርኝ ውኃ ሰባ ስምንት ሰው እንደማያህል መሰከረ። ስለ ፍትሕ የሚቈጣው ወዳጃችን ይህን ቢያስተውል ቍጣው በበረደ ነበር፤ ታሪኩ ከእርሱ አስቀድሞ ያንኑ ነገር ተናግሯልና።

ከዚያ በኋላ ጥላው መጣ። አንባቢ ሆይ፥ እዚህ ላይ ጥቂት ቆም በል። ጥላ ክብደት የለውም። ደራሲው በሚዛኑ ላይ ወርቅ ወይም ዕንቍ ሊጥል ይችል ነበር፤ እርሱ ግን በዓለም ካለው ነገር ሁሉ የማይመዘነውን መረጠ። ሊቃውንት ጸጋ ከሥራ ሒሳብ ውስጥ የማይገባ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው ብለው በብዙ ቃል የሚያስረዱትን እርሱ በአንድ ሥዕል ገለጠው፤ ክብደት የሌለው ነገር አረፈ፥ ሚዛኑም ተደፋ። ነገር ግን ጥላው በባዶ ሚዛን ላይ አልወደቀም፤ ያች ጥርኝ ውኃ ባትኖር የሚያርፍበት ባላገኘም ነበር። ስለዚህ ሥራ ያድናል የሚለውም፥ ሥራ ምንም አይደለም የሚለውም ከዚህ ታሪክ ምስክር አያገኝም። ውኃው አላዳነም፤ ግን ያለ ውኃው አልዳነም።

በሦስተኛ ደረጃ ከመጽሐፉ ውጭ በቃል የሚተረከውን እንጨምር። በመጽሐፉ የሰውዬው አወዳደቅ በአጭሩ ያልፋል፤ ትውፊቱ ግን ስሙን ስምዖን ይለዋል፥ እንደ አብርሃም እንግዳ ተቀባይ እንደ ነበረም ይናገራል። ሥላሴን በቤቱ ለማስተናገድ ይመኝ ነበርና ሰይጣን በሥላሴ አምሳል መጣበት፤ ልጅህን እረድልን ብሎም የልጁን ሥጋ አስበላው፤ ከዚያ ወዲያ ያ ክፉ ልማድ ጸናበት። ይህን መግቢያ ከመጽሐፉ ታሪክ ጋር አስተያይቶ ለሚያነብ አንድ ድንቅ ነገር ይታየዋል። አብርሃም በመምሬ የአድባር ዛፍ አጠገብ ለእንግዶቹ አስቀድሞ ያቀረበው ጥቂት ውኃ ነበር። ስምዖን ግን ከጥቂቱ ውኃ ይልቅ ታላቁን መሥዋዕት ተመኘ፤ በክብር የመጣውን እንግዳ ሲቀበል ጠላቱን ተቀበለ። ኋላ ግን እውነተኛው እንግዳ በቍስልና በጥም መጣለት፤ የለመነውም የአብርሃምን ጥቂት ውኃ ነበር። ስለዚህ በመንገድ ዳር የሆነው ነገር ድንገተኛ አይደለም፤ ያመለጠው መስተንግዶ ዳግመኛ ወደ እጁ መምጣቱ ነው።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 16 የተጻፈውንም ባለጸጋ እናስታውስ። እርሱ ሰው አልበላም፤ ነገር ግን በደጁ የወደቀውን ቍስለኛ አልዓዛርን አላየውም፤ በሲኦልም ሆኖ በጣት ጫፍ የምትንጠባጠብ ውኃ ለመነ፥ አላገኘም። በላዔ ሰብእ ከዚህ ባለጸጋ እጅግ የከፋ ሰው ነበር፤ ቢሆንም ውኃው በሚሰጥበት በዚህ ዓለም ሳለ ሰጠ። ሁለቱን ታሪኮች አጠገብ ለአጠገብ ያነበበ ከተማ ነዋሪ፥ እኔ ሰው አልገደልሁም ብሎ ዕረፍት የሚያገኝበት ስፍራ የለውም።

አሁን ደግሞ በታሪኩ ላይ የሚታየውን ጕድለት ሳንሸሽግ እንናገር። ድኻው ጉሮሮውን ካራሰ በኋላ ከታሪኩ ይጠፋል፤ ዳነ ወይስ እዚያው ሞተ የሚለውን ደራሲው አልነገረንም። ሰባ ስምንቱም ነፍሳት ስም የላቸውም፥ ድምፅም የላቸውም፤ ክብደት ሆነው ብቻ በሚዛን ላይ ይታያሉ። ልጅዋ በግፍ የተገደለባት እናት ይህን ታሪክ በቤተ ክርስቲያን ቆማ ስትሰማ ምን ይሰማት ይሆን? ብዙ ደም በፈሰሰበት ዘመን የሚያስተምር ካህን ይህን ጥያቄ አልሰማሁም ብሎ ሊያልፈው አይገባም። እግዚአብሔር ገዳዩን እንደሚወድ የሚናገር ስብከት የተገደሉትንም እንደሚወድ ካልተናገረ ግማሽ ስብከት ነው።

ሆኖም ለደራሲው አንድ ነገር ልንመሰክርለት ይገባል። ብዙ ሰዎችን በላ ብሎ አላለፈም፤ ቈጠራቸው። ሰባ ሰባት ወይም ሰማንያ አላለም። በመጨረሻው ፍርድ ላይም ሁሉም ቀረቡ፤ አንድም የተረሳ፥ አንድም በምሕረቱ ብዛት የተሰረዘ የለም። ምሕረቱ የተሰጠው እነርሱ በተቈጠሩበት ፊት ነው፤ እነርሱን በመርሳት አይደለም። ዝምታቸው ያሳዝናል፤ መገኘታቸው ግን የታሪኩ ትልቅ እውነት ነው።

የቀረው ንስሐውን የሚያሻግረው ወገን ነው። ለእርሱ የሚበቃው መልስ ይህ ነው። በላዔ ሰብእ ያን ውኃ ሲሰጥ እንደሚመዘንለት አያውቅም ነበር፤ ኋላ ይጠቅመኛል ብሎ አላስቀመጠውም፤ የሞቱንም ቀን አልቈጠረም። ዓይኑን በሚዛኑ ላይ አድርጎ የሚሰጥ ሰው ግን የሚሰጠው ውኃ አይደለም፤ ጉቦ ነው። ከዚህም በላይ እኛና በላዔ ሰብእ በአንድ ስፍራ አልቆምንም። እርሱ የሰማው በልጅነቱ የቀረችለትን አንዲት ቃል ነው፤ እኛ ግን የእርሱን ታሪክ ጭምር በየዓመቱ ሰምተናል። ብዙ የሰማ ሰው ሒሳቡ ብዙ ነው። በቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ በመጨረሻዋ ሰዓት ዳነ፤ ያች ሰዓት ግን ለእርሱ የመጀመሪያው ጥሪ እንጂ የተላለፈ ቀጠሮ አልነበረችም።

ዘለዓለምን አስቦ መኖር ማለት እንግዲህ የቀረውን ዕድሜ እየለኩ መኖር አይደለም። ሚዛኑ የሚቀርበው ኋላ ነው፤ በላዩ የሚቀመጠው ነገር ግን ዛሬ በመንገድ ላይ ይገኛል፤ የሚገኝበትንም ሰዓት አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። ይህን ታሪክ የሚያስተምሩ አባቶቻችን በሚዛኑ ፊት ጥቂት፥ በጥመኛው ፊት ግን ብዙ ቢቆዩ መልካም ነው እንላለን። የታሪኩን ሥዕል የምናይ እኛም ዓይናችን ወደ ሚዛኑና ወደ መላእክቱ ከመሮጡ በፊት ወደ ታች ወርዶ ያችን የተዘረጋች እጅ ይመልከት። ሰባ ስምንት ጊዜ ለመግደል የተዘረጋች እጅ ናት፤ አንድ ጊዜ ግን ተከፈተች። እጃችን ሳይረፍድ እንዲከፈት፥ ጥላውም የሚያርፍበት እንዳያጣ፥ ቸሩ አምላክ ይርዳን።