ውሃው የሚቆምበት ቦታ

በብርድ የሚፈነዳ ቧንቧ ብዙ ጊዜ የሚፈነዳው በረዶው በያዘው ቦታ ላይ አይደለም። ይህን ስናገር ከደንበኞቼ ግማሾቹ አያምኑኝም። ግድግዳው የራሰው እዚህ ጋ ከሆነ ብርዱም የገባው እዚሁ ነው ይላሉ። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ውሃ ወደ በረዶ ሲለወጥ መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አንድ ቦታ ላይ የረጋው በረዶ ቧንቧውን እንደ ቡሽ ይወትፈዋል። ከዚያ በኋላ፣ ከበረዶው አንስቶ እስከ ተዘጋው የቧንቧ አፍ ድረስ ያለው ውሃ መሄጃ ያጣል። በረዶው እያደገ ሲገፋው ግፊቱ መዳብ እስኪተረትር ድረስ ይወጣል። ስንጥቁ በረዶው ካለበት ርቆ፣ በሞቀው ክፍል በኩል ሊገኝ ይችላል። በብርድ ሌሊት ቧንቧን ከፈት አድርጎ ማንጠባጠብ የሚጠቅመውም ውሃው እየተንቀሳቀሰ ስለማይረጋ ብቻ አይደለም። ይበልጥ የሚጠቅመው ግፊቱ መተንፈሻ ስለሚያገኝ ነው። በረዶው ቢሠራ እንኳ ቧንቧው ላይፈነዳ ይችላል።

የምሠራው ሜሪላንድ ውስጥ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢዋ ነው። ከደንበኞቼ ብዙዎቹ የአገሬ ሰዎች ናቸው። ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ላይ ስልኬ ፋታ አይሰጠኝም። የቧንቧ ሠራተኛ ሲባል ሰው የሚታየው ቁልፍ ይዞ ከብሎን ጋር የሚታገል ሰው ነው፤ እውነትም እንታገላለን። የሥራው ትልቁ ክፍል ግን ቤቱን ዞር ዞር ብሎ አንድ ጥያቄ መመለስ ነው፤ እዚህ ቤት ውስጥ ውሃው የሚቆመው የት ነው? ንጹሑ ውሃ በቆመበት ብርድ ያገኘዋል። ቆሻሻው ውሃ ባዘገመበት ሁሉ የተሸከመውን ያራግፋል። ውሃ እንዲቆም ታስቦ በተሠራ ቦታ ላይ ደግሞ ደርቆ ከጠፋ ሌላ ጣጣ ይመጣል፤ ወደዚያ ኋላ እመለሳለሁ።

አንድ የሸዋ ሰው፣ «ደብረ ብርሃን ውርጭ ባቄላውን ሲያቃጥለው አይቼ ነው ያደግሁት፤ ቧንቧ ሲፈነዳ ግን አላየሁም» ብለው ሞግተውኛል። ልክ ናቸው። የደጋ ውርጭ ሌሊት ጠንክሮ ሊነጋጋ ሲል ይበረታል፤ ፀሐይ ስትወጣ ይለቃል። ቅጠል ለማቃጠል ያ በቂ ነው፤ ቧንቧ ሙሉ ውሃ እስከ ውስጡ ለማርጋት ግን ብዙውን ጊዜ አይበቃም። እዚህ ብርዱ ቀንና ሌሊት ሳይለቅ ቀናት ይሰነብታል። ሌላም ልዩነት አለ። አገር ቤት ብዙ ቤት ላይ ቧንቧው በግድግዳው ላይ በውጭ በኩል ሲሄድ ይታያል፤ ቢያፈስ ጎረቤትም ያየዋል። እዚህ ግን ሁሉም ነገር ከጂፕሰሙ በስተጀርባ ተደብቋል። ችግሩን የምታውቀው ጣሪያው ሲነፋ ወይም የውሃ ሂሳቡ ሲያስደነግጥህ ነው።

በ1990ዎቹ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የሕንፃ ተመራማሪዎች ያልተሸፈኑ ቧንቧዎች መርጋት የሚጀምሩት የውጭው አየር ስንት ሲደርስ እንደሆነ ፈትሸው ነበር። ያገኙት ቁጥር 20 ዲግሪ ፋራናይት ነው፤ በሴንቲግሬድ ከዜሮ በታች 7 መሆኑ ነው። ለደንበኞቼ የምሰጠው ቁጥርም ይኸው ነው፤ ትንበያው ከዚያ በታች ካለ ተዘጋጁ። ነፋስ ካለበት ግን ከዚያ በላይም ቢሆን አልተማመንም። ነፋስ ቧንቧን ከአየሩ በታች አያቀዘቅዝም፤ የኬብልና የስልክ ገመድ ተብሎ በተበሳች ቀዳዳ ገብቶ ግን አንዲት ክንድ የምታህል ቧንቧ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ይነፍሳል። የቧንቧ መሸፈኛ ስፖንጅ ከመግዛታችሁ በፊት ቀዳዳውን ድፈኑት። ስፖንጅ ሙቀት አይሰጥም፤ ያለውን ሙቀት ያቆያል እንጂ።

በ2022 በፈረንጆቹ የገና ዋዜማ ሰሞን በዚህ አካባቢ አየሩ በሰዓታት ውስጥ ከዝናብ ወደ ከባድ ውርጭ ሲወርድ፣ ስልክ የደወሉልኝ ሰዎች ቤቶች የሚመሳሰሉበት ነገር ነበር። ወይ ከጋራዥ በላይ የተሠራ መኝታ ቤት፣ ወይ በኋላ የተቀጠለ ክፍል፣ ወይ በሰሜን በኩል የውጭ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የኩሽና ሲንክ ነው። የሲንኩ ካቢኔት በር ሲዘጋ የቤቱ ሙቀት እዚያ ውስጥ አይደርስም። በብርድ ሌሊት ያንን በር ከፍቶ ማደር ምንም ወጪ የለውም፤ ካቢኔቱ ውስጥ ያለውን በረኪናና ሳሙና ግን ልጆች ካሉ ቀድማችሁ አንሱት። ቴክሳስ ያሉ ወገኖቻችን በፌብሩዋሪ 2021 ያዩት መከራም ከዚሁ የመጣ ነው። ቤቱ የተሠራው ለሙቀት ነበር፣ ቧንቧው ጣሪያ ሥር ነበር፣ መብራቱም ጠፋ።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን የጓሮ ቧንቧ ነው። አሁን የሚገጠሙት አብዛኞቹ ብርድ እንዲችሉ ሆነው የተሠሩ ናቸው። እጀታው ውጭ ሆኖ ውሃውን የሚዘጋው አካል ቤት ውስጥ፣ ሙቀት ያለበት ጋ ነው። ስትዘጋው በመካከል የቀረው ውሃ ወደ ውጭ ይንጠፈጠፋል። ጎማው እንደተገጠመ ከተተወ ግን ውሃው መውጫ አጥቶ እዚያው ይቀራል፣ ይረጋል፣ ቱቦውንም ይሰነጥቀዋል። ጉዱ የሚታወቀው በዚያ ሌሊት አይደለም፤ አፕሪል ላይ ጎመንና ቃሪያ የተከለው ሰው ውሃ ሲከፍት ነው። ጓሮው ውሃ ይጠጣል፣ ቤዝመንቱም አብሮ ይጠጣል። ጎማ መንቀል የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ እኔ ግን በየፀደዩ በዚህ እንጀራ እበላለሁ።

ቤት ስገባ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ፈነዳው ቧንቧ አይደለም።

«እማማ፣ ዋናው መዝጊያ የት ነው?»

«የምኑ መዝጊያ፣ ልጄ? አንተ ታውቅ እንደሆነ እንጂ።»

ዋናው የውሃ መዝጊያ የት እንደሆነ በየቤቱ ቢያንስ ሁለት ሰው ሊያውቅ ይገባል። አብዛኛውን ጊዜ ቤዝመንት ውስጥ፣ በመንገዱ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ፣ ከመንገድ የመጣው ቱቦ በሚገባበት ነው፤ ታውንሃውስ ከሆነ የውሃ ማሞቂያው አጠገብ መፈለግም ያዋጣል። የቆዩት መዝጊያዎች እንደ ክብ መሪ የሚዞሩ ናቸው፤ ለዓመታት ካልተነኩ ውስጣቸው ይነክሳል፣ በጭንቅ ሰዓት ቢታገሏቸው እጀታው ይሰበራል። በዓመት አንድ ሁለቴ ዘግቶ መክፈት ያላምዳቸዋል። እሺ ካሉ፣ እጀታው በሩብ ዙር በሚዘጋ መዝጊያ ይቀየር እላለሁ። የቧንቧው ስንጥቅ ጥገና ትንሽ ነገር ነው፤ ገንዘብ የሚበላው መዝጊያው እስኪገኝ የፈሰሰው ውሃ ነው። እግረ መንገዴን፣ በ1980ዎቹ የተሠራ ቤት ውስጥ ግራጫ የፕላስቲክ ቧንቧ ካየሁ ዝም አልልም። ፖሊቡቲሊን ይባላል፤ ከ1978 እስከ 1995 ተመርቶ፣ መገጣጠሚያው እየለቀቀ ብዙ ቤት ካጥለቀለቀና ፍርድ ቤት ከደረሰ በኋላ ቀርቷል።

ቧንቧው ረግቶ ገና ካልፈነዳ፣ መጀመሪያ የቧንቧውን አፍ ክፈቱ። ከዚያ ከአፉ ጀምራችሁ ወደ ውስጥ በፀጉር ማድረቂያ አሙቁት። ከመሀል ከጀመራችሁ የቀለጠው ውሃ በሁለት በረዶ መካከል ይታሰራል። እሳት አታቅርቡ፤ ከግድግዳው ውስጥ ያለው እንጨት ነው።

አሁን ወደ ቆሻሻው ውሃ ልምጣ፤ ስለ እኛ ኩሽና የምለው እዚህ ጋ ነው። ፈረንጅ ቤት ሲዘጋ የማገኘው የስጋ ስብና ፀጉር ነው። እኛ ቤት ግን ቱቦው ሲከፈት ገና ሳላየው በጠረኑ አውቀዋለሁ፤ ኮረሪማ ኮረሪማ ይላል። ንጥር ቅቤ በክፍል ሙቀት እንኳ የሚረጋ ነገር ነው። ድስቱን በሙቅ ውሃ ስታጥቡት ፈሳሽ ሆኖ ይወርዳል፤ ቤዝመንቱ ጣሪያ ላይ በቀዘቀዘው ቱቦ ውስጥ ሲደርስ ግን ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ሙቅ ውሃ ማፍሰስ መፍትሔ ይመስላል፤ ችግሩን ጥቂት ሜትር ወደፊት ከማሻገር በቀር የሚሠራው የለም። በብርድ ወራት የኩሽና መዘጋት የሚበዛው ለዚህ ነው። ቱቦው ከአየሩ ጋር አብሮ ይቀዘቅዛል፣ ቅቤውም ቀድሞ ይረጋል።

ቅቤው ብቻውን ቢሆን ባልከፋ። ከላዩ የቡና አተላ ይመጣል። ከጀበናው የተደፋው አተላ ክብደት ስላለው ከቱቦው ወለል ይተኛል፣ ቅቤው ደግሞ ያጣብቀዋል። ሦስተኛው የእንጀራው ሊጥ ነው። የሊጥ ባልዲ ሲንክ ላይ ሲታጠብ የሚወርደው ነገር ቀጭን ይመስላል፣ ቱቦ ውስጥ ግን እንደ ማጣበቂያ ይደርቃል። ሦስቱ ከተገናኙ በኋላ ስኔክ የምንለው ተጠምዛዥ ሽቦ በመካከሉ ቀዳዳ ይበሳል እንጂ አያጸዳውም። ውሃው ለሁለት ወር ይሄዳል፣ ከዚያ ተመልሶ ይዘጋል፣ ሰውዬውም «ሠርተህልኝ ነበር እኮ» ይለኛል። ዲስፖዛል መፍጫውም የተረፈ እንጀራ ለመጣል አልተሠራም፤ እንጀራውን ፈጭቶ መልሶ ሊጥ ያደርገዋል።

የምመክረው ቀላል ነው። ድስቱን ከመታጠቡ በፊት በወረቀት ጥረጉት፤ አተላውን ወደ ቆሻሻ ወይም ወደ አትክልቱ፤ የሊጡን ባልዲ መጀመሪያ በማንኪያ ፈቅፍቁት። እናቶች ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ፤ አገር ቤት ድስት ሲታጠብ ውሃው ጓሮ ይደፋ እንጂ ማን ቱቦ አስቦ ያውቃል? እውነት ነው። ግን በአግድም የሚሄድ የኩሽና ቱቦ በአንድ ሜትር ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ነው የሚያዘቀዝቀው። ያቺ ትንሽ ቁልቁለት ውሃውንና ቆሻሻውን አብራ እንድትወስድ ተለክታለች፤ ውፍረት ሲጨመርባት አትችልም። ማንጠልጠያው ላልቶ ቱቦው መሀሉ ላይ ከጎበጠ ደግሞ ጭራሽ ኩሬ ይሆናል። ስለዚህ ደጋግሞ የሚዘጋ ቤት ስገባ ከሽቦው በፊት የማወጣው ውሃ ልኬን ነው።

በኬሚካል መክፈት የሚባለውን ነገር አልወደውም። አብዛኞቹ ኮስቲክ ሶዳ ያለባቸው ናቸው፤ ከውሃ ጋር ሲገናኙ ይፈላሉ፣ መንገድ ካላገኙ እዚያው ይቀራሉ፤ ከዚያ እኔ እመጣና ሲፎኑን ፊቴ ላይ እከፍታለሁ። ጨምራችሁ ከሆነ እባካችሁ ንገሩኝ። አሲድ ያለበትን መክፈቻ ከበረኪና ጋር መደባለቅ ደግሞ ክሎሪን ጋዝ ያመጣል፤ ይህ ቀልድ አይደለም።

ሲፎኑን ካነሳሁ ዘንድ፣ ውሃ ሊቆም የሚገባው ቦታ እርሱ ነው። በ1775 አሌክሳንደር ከሚንግ የተባለ ስኮትላንዳዊ የሰዓት ሠሪ በሽንት ቤት ቱቦ ላይ ጠመዝማዛ ጉሮሮ አድርጎ የባለቤትነት መብት አገኘ። በጉሮሮው የቀረችው ጥቂት ውሃ የፍሳሹን ሽታ ወደ ቤት እንዳይመለስ ትከለክላለች። ሰዎች «ቤቱ ይሸታል፣ ፍሳሹ ተሰብሯል» ብለው ሲጠሩኝ ብዙ ጊዜ የተሰበረ ነገር የለም። ማንም የማይታጠብበት የእንግዳ ሻወር ወይም የቤዝመንት ወለል ላይ ያለው ፍሳሽ ደርቋል፣ በቃ። በማሞቂያ የደረቀ የዊንተር አየር ሲፎንን ቶሎ ያደርቃል። ሲንኩ ጉልጉል የሚል ድምፅ ካሰማ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ወደ ጣሪያ የሚወጣው የአየር ቱቦ ተዘግቶ ውሃው ሲፎኑን እየሳበው ይሄዳል። ሚኒሶታን በመሰለ ብርድ አገር ከፍሳሹ የሚወጣው እንፋሎት ራሱ በቱቦው አፍ ላይ ውርጭ እየሠራ ይዘጋዋል፤ በብርድ አገር የአየር ቱቦው ጣሪያው ላይ ሲደርስ ሰፋ እንዲል የሚደረገው ለዚህ ነው።

ለእኛ ሰዎች ለብቻው የምነግራቸው አንድ ነገር አለ። ገናንና ጥምቀትን አገር ቤት ለማሳለፍ የሚሄደው ሰው ቤቱን ባዶ የሚተወው በዓመቱ ብርዱ በሚጠነክርባቸው ሳምንታት ነው። ለቁጠባ ብሎም ማሞቂያውን ያጠፋል። አያጥፋ። ከ55 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም ከ13 ሴንቲግሬድ በታች አያውርደው። ዋናውን መዝጊያ ይዝጋ፣ ከዚያ ከላይ ፎቅና ከታች ያሉትን ቧንቧዎች ከፍቶ ያንጠፍጥፍ፣ የውሃ ማሞቂያውን በዝቅተኛው ላይ ያድርግ። ቤቱ ውስጥ እሳት ማጥፊያ ውሃ የሚረጭ መስመር ካለ ግን ሳያማክር አይዝጋ። ቁልፉን ለታመነ ጎረቤት ይስጥ። የኢንሹራንስ ውሎች በብርድ ለፈነዳ ቧንቧ የሚከፍሉት አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቱ ቤቱን ሲያሞቅ ከቆየ ወይም ውሃውን ዘግቶ ካንጠፈጠፈ ነው፤ «አዲስ አበባ ነበርኩ» ማለት አያዋጣም።

ከመውጣቱ በፊት የመጨረሻ ሥራው ከቤዝመንቱ ወለል ፍሳሽ ውስጥ አንድ ጣሳ ውሃ ማፍሰስ፣ ከዚያም ከላዩ አንድ ሁለት ማንኪያ ዘይት መጨመር ነው። ዘይቱ ተንሳፍፎ ውሃው እንዳይተን ይሸፍነዋል፣ ሲፎኑም እስኪመለሱ አይደርቅም። ዘይት ወደ ቱቦ አትልቀቁ እያልኩ ስጨቀጭቅ የኖርኩ ሰው ይህን ስናገር ደንበኞቼ ይገረማሉ። ከፋርማሲ የሚሸጠው የማዕድን ዘይት ቢሆን ይመረጣል፤ የምግብ ዘይት ሲቆይ ይኮመጥጣል። ቅቤ ግን እዚያም አይሆንም።