ከመጨረሻው መጀመር

አፍሪካንስ የሚያስተምሩ መጻሕፍት አብዛኞቹ የተጻፉት እንግሊዝኛን ለሚያውቅ ተማሪ ነው። በዚህም የተነሣ ትምህርቱ እንግሊዝኛ ከሚመስለው ዐረፍተ ነገር ይጀምራል፦ «ኤክ ሌስ ዲ ቡክ»፣ መጽሐፉን አነባለሁ። ባለቤት፣ ግስ፣ ተሳቢ። ግሱ መጨረሻ ላይ የሚውልበት ጥገኛ ዐረፍተ ነገር ብዙ ምዕራፎች ካለፉ በኋላ ይመጣል፤ ያኔም ተማሪው ሊጠነቀቅለት የሚገባ እንግዳ ነገር ሆኖ ይቀርባል። የአማርኛ ተናጋሪ በዚህ መንገድ ሲማር ያንገበግበኛል። አፉን የፈታበትን ሥርዓት በእንግሊዝኛ በኩል አዙረው እንደ ችግር ያስተምሩታል።

እኔ ሳስተምር ከጥገኛው ነው የምነሣው። «ኦምዳት ኤክ ዲ ቡክ ኸሌስ ሄት»፣ መጽሐፉን ስላነበብኩ። «ኦምዳት» የእኛ «ስለ» ነው፤ «ኤክ» እኔ፣ «ዲ ቡክ» መጽሐፉ፤ ከዚያ ዋናው ግስ «ኸሌስ»፣ በመጨረሻም ረዳት ግሱ «ሄት»። «አንብቤ ነበር» ስንል «ነበር» ከኋላ እንደሚከተል ሁሉ «ሄት»ም ከኋላ ይከተላል። ትልቁ ልዩነት እኛ «ስለ»ን ከግሱ ጋር ማጣበቃችን፣ እነሱ ደግሞ ከፊት ለብቻው ማቆማቸው ነው።

የቋንቋ ሊቃውንቱም ስለ አፍሪካንስ እህት ቋንቋዎች የሚሉት ይህንኑ ነው። ኤሞን ባክ በ1962፣ ማንፍሬድ ቢርቪሽ በ1963 የጀርመንኛ ግስ መነሻ ቦታው መጨረሻው እንደሆነ ተከራክረዋል፤ ያን ኮስተር በ1975 ስለ ደች ተመሳሳይ ነገር አሳይቷል። የአፍሪካንስን አመጣጥ ጭምር ያጠናው ሆላንዳዊው ሃንስ ደን ቤስተን ደግሞ፣ እኔን ከሁሉ በላይ የረዳኝን ማብራሪያ ሰጠ። መስተፃምሩና ወደ ፊት የሚመጣው ግስ የሚሻሙት አንድ ወንበር ነው። «ኦምዳት» ከተቀመጠበት ግሱ መጨረሻው ላይ ይቀራል፤ ወንበሩ ባዶ ከሆነ ግሱ ተነሥቶ ይቀመጥበታል። ይህን የተረዳ ተማሪ ሁለት ሕግ መሸምደድ አያስፈልገውም።

ለእኛ ሰው ከባዱ ግሱ ወደ ፊት የሚመጣበት ነው፤ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባውም ይኸው ነው። «ኺስተር ሄት ኤክ ዲ ቡክ ኸሌስ»፣ ትናንት መጽሐፉን አነበብኩ። «ትናንት» ከቀደመ «ሄት» ወዲያው ይከተላል፤ «ኤክ» ወደ ሦስተኛነት ይወርዳል። መጀመሪያ ላይ ጊዜ፣ ቦታ ወይም ተሳቢ ቢመጣ ሁለተኛው ቦታ የግሱ ነው፤ ዋናው ግስ «ኸሌስ» ግን መጨረሻውን አልለቀቀም። ጀርመንኛና ደችም እንዲሁ ናቸው። እንግሊዝኛ ይህን ሥርዓት ጥሎት ጥቂት ቅሪት ብቻ ይዟል፤ በእንግሊዝኛ በኩል የመጣ ተማሪ «ኺስተር ኤክ ሄት» የሚለውም ለዚህ ይመስለኛል።

እህትማማቾቹ ሁልጊዜ አይስማሙም። «ማንበብ ስለምፈልግ» ለማለት ጀርመንኛ «ሌዘን ቪል» ይላል፤ ማንበብ ቀድሞ መፈለግ ይከተላል፣ ልክ እንደ እኛ። አፍሪካንስ ግን ገልብጦ «ቪል ሌስ» ይላል። ስለዚህ «ኸሌስ ሄት»ን ያየ ተማሪ ሁሉም ረዳት ከኋላ ነው ብሎ እንዳይደመድም ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ።

አሉታው ደግሞ የምወደው ክፍል ነው። አማርኛ «አልተኛሁም» ሲል አሉታውን በሁለት ቁራጭ፣ በ«አል» እና በ«ም» ያቅፈዋል። አፍሪካንስም «ኤክ ሄት ኒ ኸስላፕ ኒ» ይላል፤ ሁለተኛው «ኒ» ከግሱም አልፎ ዐረፍተ ነገሩን ይዘጋል። ደችና ጀርመንኛ በመደበኛ አጻጻፋቸው ይህ የላቸውም። መንገዱ የሚለያየው ጥገኛው ላይ ነው፤ እኛ «ስላልተኛሁ» ስንል «ም»ን እንጥላለን፣ አፍሪካንስ ግን «ኦምዳት ኤክ ኒ ኸስላፕ ሄት ኒ» ብሎ ሁለቱንም ይይዛል።

አስተርጓሚ ሆኜ ስሠራ ይህ ሁሉ ወደ ጆሮዬ ይገባል። በ1945 በኑረምበርግ ችሎት ከጀርመንኛ ወደ እንግሊዝኛ ከተናጋሪው እኩል ሲያስተረጉሙ የነበሩት ሰዎች ግሱ እስኪመጣ መጠበቅ ፈተና ሆኖባቸው ነበር። ወደ አማርኛ ለሚያስተረጉም ጭንቁ ሌላ ነው። መጨረሻ ላይ የሚመጣውን ግስ እኔም መጨረሻ ላይ ስለምለው ብዙ አያስጨንቀኝም፤ የሚከብደኝ በፊት የተነገረውን ተሸክሞ መቆየት ነው። «ሄይ ሴ ዳት» ብሎ የጀመረ ሰው «አለ» የሚለውን ገና ከመነሻው ሰጥቶኛል፤ እኔ ግን ንግግሩ ሁሉ እስኪያልቅ ልይዘው ነው። ንግግሩ ሲረዝም «ያለው ይህን ነው» ብዬ ቀድሜ አራግፈዋለሁ። አማርኛው ትንሽ ይደርቃል፤ «አለ» ከሚጠፋ ግን ይህ ይሻላል።

አሉታ ሲጨመርበት ሥራው ይቀልልኛል። «ኤክ ቬት ኒ ኦፍ ሄይ ዲ ቡክ ኸሌስ ሄት ኒ» ሲባል «ኤክ ቬት ኒ»ን ሰምቼ «አላውቅም»ን እይዛለሁ፤ «መጽሐፉን ያንብብ አያንብብ» ብዬ እቀጥላለሁ። የመጨረሻው «ኒ» እዚያ ድረስ ተጉዞ የሚመጣው የፊተኛውን «ኤክ ቬት ኒ» ሊዘጋ ነው፤ እሱን ስሰማ «አላውቅም» እላለሁ።