የአንድ ሰው ጉዳይ በሁለት ገጽ

ጥሩ አቤቱታ ከመጀመሪያው መስመር አያለቅስም። ደባርቅ ላይ ለባለጉዳይ ከሚጻፉት ማመልከቻዎች መካከል በደንብ የተሠራውን የምለይበት የመጀመሪያ ምልክት ይህ ነው። ከላይ ለማን እንደሚቀርብ ይጻፋል፤ ቀጥሎ አመልካችና ተጠሪ ከነአድራሻቸው፤ ከዚያ «ጉዳዩ» የሚለው አንድ መስመር። እዚያ መስመር ላይ እሮሮ የለም። «በአነስተኛ ስሌት የተከፈለ ካሳ እንዲስተካከል ስለመጠየቅ» ይላል፣ አበቃ። ወረቀቱን የሚያነበው ዳኛም ሆነ ኮሚቴ ምን ጉዳይ ላይ እንዳለ ወዲያው ያውቃል።

ይህን ሙያ «ራፖር ጸሐፊ» ብለን በጥድፊያ እናልፈዋለን። እኔ ግን ቆም ብዬ ማየት እወዳለሁ፤ አንድ ዜጋ ከመንግሥት ጋር ሲተሳሰብ ስሙ፣ ማሳውና ቤቱ እሱ በሚያውቀው ልክ የሚሰፍሩት እዚህ ወረቀት ላይ ነውና። ሌላ አገር ሌላ መንገድ ነበር። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለውን ክርክር የሚያይ ልዩ ፍርድ ቤት በ1855 እ.ኤ.አ. እስኪቋቋም ድረስ፣ ከመንግሥት ገንዘብ ይገባኛል የሚል ሰው የሚያመለክተው ለኮንግረስ ነበር። ምክር ቤቱም ጥያቄውን ከተቀበለው በሰውየው ስም ሕግ ያወጣለታል፤ ለእገሌ ይህን ያህል ይከፈለው የሚል፣ ከእገሌ በቀር ማንንም የማይመለከት ሕግ። በመንግሥት ሠራተኛ ጥፋት ለሚደርስ ጉዳት የፍርድ ቤቱ በር በሰፊው የተከፈተው ደግሞ በ1946 እ.ኤ.አ. ነው። በእኛ አገር የባለጉዳይ የመጨረሻ ተስፋ ዙፋን ችሎት ነበር፤ በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ራሱ ለንጉሠ ነገሥቱ ችሎት የሚቀርበውን አቤቱታ ሥርዓት አብጅቶለት ነበር። ዛሬ ዙፋኑ የለም። ካሳም የሚከፈለው ለሁሉም በወጣ አንድ አዋጅ ነው። የአንዱን ሰው ልዩ ጉዳይ ወደዚያ የሁሉም አዋጅ አስማምቶ የማስገባቱ ሥራ በጸሐፊው እጅ ላይ ወድቋል።

የደባርቅ ሰው የካሳን ጉዳይ በቅርብ ያውቀዋል። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ያለው እዚያው ከተማ ነው። ፓርኩ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 እ.ኤ.አ. አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ገባ፤ በ2017 እ.ኤ.አ. ወጣ። ከዝርዝሩ እንዲወጣ ካደረጉት ነገሮች አንዱ በከፍታው ላይ ገብስ እያረሰና ከብት እያረባ ይኖር የነበረው የግጭ መንደር ሕዝብ መነሣቱ ነው። 418 አባወራዎች በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ወርደው ጨረሱ። በደርግ ዘመን ከገደሉ ሥር የነበሩ መንደሮች በኃይል ተነሥተዋል፤ በግጭ ጊዜ ግን ቢያንስ የሚጠቀስ ሕግ ነበር። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንዑስ አንቀጽ 2፣ በመንግሥት መርሐ ግብር ምክንያት የተፈናቀለ ወይም ኑሮው የተነካበት ሰው ተመጣጣኝ ካሳ ወይም ሌላ ማካካሻ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። ዝርዝሩ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 455/1997 እና በደንብ ቁጥር 135/1999 ነበር።

የጸሐፊው እጅ የሚታየው ስሌቱ ላይ ነው። የገማች ኮሚቴ ቅጽ ድምሩን ብቻ አስፍሮ የሚያልፍ ከሆነ፣ ጎበዝ ጸሐፊ ድምሩን መልሶ ይበትነዋል። በአዋጅ ቁጥር 455 መሠረት ይዞታውን ለዘለቄታው ያጣ አርሶ አደር ከንብረቱ ካሳ ሌላ የሚከፈለው፣ ከመነሣቱ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት ያገኘው አማካይ ዓመታዊ ገቢ በአሥር ተባዝቶ ነበር። ስለዚህ ጸሐፊው ባለጉዳዩን በአንድ ጊዜ ስለ አምስቱም ዓመት አይጠይቀውም ነበር። «አባቴ፣ ውርጭ በመታው ዓመት ስንት ኩንታል አስገቡ?» ብሎ ከክፉው ዓመት ይጀምር ነበር፤ ሰው ክፉ ዓመቱን አይረሳምና ሌሎቹን ከእሱ ወዲህና ወዲያ አድርጎ ያስታውሳቸዋል። ከዚያ ለየዓመቱ አንድ መስመር ይሰጥ ነበር፦ ስንት ጥማድ፣ ምን ተዘራ፣ ስንት ኩንታል፣ በስንት ብር። ጭዱንም አይተወውም።

የማደንቀው ጸሐፊ ውርጭ የመታውን ዓመት አይደብቅም። ቢደብቀው አማካዩ ከፍ ይል ነበር፤ ነገር ግን ያን ዓመት የግብርና ባለሙያውም ጎረቤቱም ያውቁታል፤ አንድ መስመር ሐሰት ከሆነ የቀሩት አራቱም መስመሮች ይጠረጠራሉ። ለምሳሌ ገቢው በቅደም ተከተል 20,000፣ 24,000፣ 12,000፣ 26,000 እና 28,000 ብር ቢሆን፣ አማካዩ 22,000፣ ካሳው 220,000 ይመጣል። የ12,000ዋ መስመር ሰውየውን ትጎዳዋለች፤ ወረቀቱን ግን ታስከብረዋለች። በኋላ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ስሌቱን ሲለውጥ፣ ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ከፍተኛውን ገቢ በ15 እንዲባዛ አደረገ። ያው ገበሬ በዚህኛው 420,000 ብር ያገኛል። ይህም የሕግ አርቃቂዎቹ ጥሩ የእጅ ሥራ ነው፤ የውርጩን ዓመት ዕዳ ከአርሶ አደሩ ትከሻ አውርደዋል።

ቀጥሎ መሬቱ ይመጣል። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ስለሚባል ራሱ አይገመትም፤ የሚገመተው በላዩ ያለው ንብረትና የተደረገለት ቋሚ ማሻሻያ ነው። ሰነፍ ጸሐፊ እዚህ ላይ «ቤት፣ ባሕር ዛፍ፣ አጥር» ብሎ ይጨርሳል። ጥንቁቁ ግን ስለ እርከኑ ይጠይቃል። በስሜን ዳገት ላይ ድንጋይ ለቅሞ እርከን መሥራት የአባትና የልጅ ዕድሜ የሚበላ ጉልበት ነው፤ ደንብ ቁጥር 135ም ምንጣሮን፣ ድልደላንና እርከንን ከሚከፈልባቸው ሥራዎች ቆጥሯቸው ነበር። ደንቡ መቃብርንም አልረሳም፦ አፅም ለማዛወር፣ ሌላ ቦታ ለማዘጋጀት፣ ለሃይማኖታዊና ባህላዊ ሥርዓቱ የሚወጣው ወጪ ይታሰብ ነበር። ይህን የሚያውቅ ጸሐፊ «ወላጆችዎ የት ናቸው ያረፉት?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ከባድ ነው፣ በወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው ግን አንድ ደረቅ ዐረፍተ ነገር ነው። እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ጭቃ ሳይገባበት እንደተካበ ድንጋይ በክብደቱ ብቻ ይቆማል።

መጨረሻ ላይ የሚጠየቀው ዳኝነት በቁጥርና በፊደል ይጻፋል፣ ማስረጃው በተራ ይዘረዘራል፣ ከዚያ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 92 መሠረት አቤቱታው እውነት መሆኑ ይረጋገጣል። ማንበብ የማይችለው ሰውዬ በጣቱ የሚፈርመው ከዚህች ማረጋገጫ ሥር ነው። ወረቀቱ በእውነት የእሱ መሆን ያለበትም ለዚህ ነው። ለይግባኝ የተሰጠው 30 ቀንም እየሮጠ ነው፤ ማሳመር እንጂ ማንዛዛት አይፈቀድም።

የሕግ ቀመር ለሌለው ጉዳት ይህ ሙያ ይበልጥ ያስፈልጋል። በዳባት ወረዳ ጭና ላይ በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ በሰሜኑ ጦርነት ንጹሐን ሰዎች ተገድለዋል። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ስለ ማካካሻ ይናገራል፤ ገቢን በዚህን ያህል አባዛ የሚል ስሌት ግን ለልጅ ሞት የለም። እዚያ ያለው መሣሪያ ቀን፣ ቦታ፣ የምስክር ስምና የጠፋው ነገር ዝርዝር ብቻ ነው። ምስክር ያረጃል፤ ስለዚህ ዝርዝሩ ዛሬ መጻፍ አለበት።

የደባርቅ ዩኒቨርሲቲና የአካባቢው ፍርድ ቤቶች እነዚህን አቤቱታዎች እንደ አላቂ ወረቀት ባያዩአቸው እወዳለሁ። የባለጉዳዮቹን ስም ሸፍኖ ምርጦቹን ማስቀመጥና ለጀማሪ ጸሐፊዎች ማስተማሪያ ማድረግ ይቻላል። አቤቱታ የምታጽፉም ከመፈረማችሁ በፊት ጸሐፊው ከላይ እስከ ታች ጮክ ብሎ እንዲያነብላችሁ ጠይቁ፤ የቀረ ነገር ካለ ያን ጊዜ አስጨምሩ፣ አንድ ቅጂም ለራሳችሁ ያዙ።