ኤች-ኢንዴክሱ ደባርቅ አይደርስም

የተመራማሪ ሲቪ ለግምገማ ሲሰጠኝ የኅትመቱ ብዛት፣ ሳይቴሽኑና ኤች-ኢንዴክሱ ከላይ በደማቁ ተጽፎ ይመጣል። ለደረጃ እድገት ኮሚቴ ይህ ይመቻል፤ ቁጥር ከቁጥር ጋር ማስተያየት አያደክምም። ሰውየው የሚያጠናው ከካንሰር ሕክምና በኋላ ስላለው ሕይወት ከሆነ ግን ዋና ጽሑፎቹን ከፍቼ የውጤቱ ክፍል ውስጥ አንድ ነገር እፈልጋለሁ፦ ከክትትል የጠፉት ስንት ናቸው? የት እንደደረሱስ ፈልጓል?

ቁጥሩን እንዲያው አልንቀውም። የፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ሂርሽ እ.ኤ.አ. በ2005 ያቀረበው ስሌት ግልጽ ነው፤ ኤች-ኢንዴክሱ 15 የሆነ ሰው እያንዳንዳቸው ቢያንስ 15 ጊዜ የተጠቀሱ 15 ጽሑፎች አሉት ማለት ነው። እኛ ጋ ሲደርስ ግን ይዛባል። መቀመጫውን ሲያትል ባደረገ ተቋም የሚመራው የዓለም የበሽታ ጫና ጥናት በአንድ ጽሑፍ ላይ በመቶ የሚቆጠሩ ደራሲዎችን ያሰልፋል፤ ከኢትዮጵያም ብዙዎች አሉበት። ላንሴት ጆርናል ላይ ወጥቶ በሺዎች ይጠቀሳል። ነውር የለበትም፤ የሳይቴሽኑ ግማሽ ከዚያ የመጣ ሰው ግን በገዛ እጁ ምን እንደሠራ ከቁጥሩ ላውቅ አልችልም። ስማችንም ሌላ ጣጣ ነው። የውጭው መዝገብ የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚወስድ ተስፋዬ ከበደ፣ ታደሰ ከበደና ትዕግሥት ከበደ «ከበደ ቲ» ተብለው አንድ ሰው ይሆናሉ። በላቲን ፊደል ስሙን አንዴ እንዲህ አንዴ እንዲያ የጻፈ ደግሞ ለሁለት ይከፈላል። ኦርኪድ የሚባለው የተመራማሪ መለያ ቁጥር እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ስላለ ለወጣቶቹ መጀመሪያ የምነግራቸው እሱን እንዲያወጡ ነው።

ከካንሰር በኋላ ያለውን ሕይወት የሚያጠናውን ዘርፍ ካስጀመሩት ጽሑፎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1985 በኒው ኢንግላንድ የሕክምና ጆርናል የወጣው የፊትዝሂው ሙላን ነው። ሙላን ራሱ ካንሰር የታመመ ሐኪም ነበር፤ የጻፈውም የራሱን አሳብ እንጂ የቁጥር ጥናት አይደለም። ከካንሰር በኋላ ያለውን ኑሮ በሦስት ወቅት ከፈለው፤ ሁለተኛው ሕክምናው አልቆ ሰውየው በቀጠሮ ብቻ የሚታይበት ጊዜ ነው። እኛ ታካሚዎቻችንን የምናጣው እዚያ ላይ ነው።

ከጃናሞራ ወይም ከደባርቅ የመጣች እናት ጎንደር ኬሞ ትጀምራለች። የጨረር ሕክምና ለረጅም ዘመን በአገሪቱ የነበረው አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ስለነበር ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ተራ መጠበቅ ግድ ነበር። አንዷ ጠበል ትገባለች፤ አንዷ ሻል ሲላት ወደ እርሻዋ ትመለሳለች፤ ለአንዷ መንገዱ በጦርነት ይዘጋባታል፤ አንዷ ቤቷ ታርፋለች። ካርዳቸው ላይ ግን ሁሉም «ጠፋች» ናቸው።

ካፕላንና ማየር እ.ኤ.አ. በ1958 ያወጡት በሕይወት የመቆየት ዕድል ስሌት ኔቸር ጆርናል እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው የ100 ብዙ የተጠቀሱ ጽሑፎች ዝርዝር 11ኛ ነው። ስሌቱ የጠፉት ታካሚዎች ዕጣ ከቀሩት እንደማይለይ ይቆጥራል። በሰሜን ጎንደር ደጋ ይህ ግምት ብዙ ጊዜ አይይዝም፤ ከጠፉት ብዙዎቹ የጠፉት ስለታመሙ ነው። ኩርባው ያምራል፤ እውነቱ ግን ከሱ በታች ነው።

ስለዚህ የሙያው ክብደት ያለው የጠፉትን ለማግኘት በሚደወለው ስልክ ላይ ነው። ካርዱ ላይ ያለው ቁጥር የጎረቤት ወይም መተማ ለሥራ የወረደ ልጅ ይሆናል። መረጃ ሰብሳቢው ደውሎ «እማማ እንዴት ናቸው?» ሲል «ደህና ናቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይባላል፤ እሱም «በሕይወት አለች» ብሎ ይሞላል። መርዶ በስልክ፣ ያውም ለማያውቁት ሰው፣ አይነገርም! የሠለጠነ ጠያቂ «መቼ አየሃቸው? አሁን ማን ቤት ናቸው? ለቀጠሮ ማን ያመጣቸዋል?» እያለ ቀስ ብሎ ይጠጋል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን መጠየቅም ያዋጣል፤ ቤቱን በደንብ ታውቃለች። ግን ካንሰር የሚለው ቃል ከተነሳ የሴትዮዋ ገመና ቀበሌ ሙሉ ተሰማ ማለት ነው። ፈቃዱም፣ ማን ምን ሊነገረው እንደሚችልም፣ ታካሚዋ ገና የመጀመሪያ ቀን ካርድ ስታወጣ መጠየቅ አለበት።

ዳባት ላይ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የሚያካሂደው የሕዝብና ጤና ክትትል ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ቤት ለቤት ይመዘግባል፤ ሞት ሲኖርም ከኀዘንተኛው ስለ ሕመሙ ይጠይቃል። የሆስፒታል ዝርዝርን ከእንዲህ ያለ መዝገብ ጋር ያስተያየ ጥናት ባገኝ ከአሥር ሜታ-አናሊሲስ አስበልጠዋለሁ። ሜታ-አናሊሲስ ብዙ ይጠቀሳል፤ ነገር ግን የሚደምረው ሌሎች ያጠኑትን ነው፤ የጠፉትን ፈልጎ አያመጣም። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው በጥቁር አንበሳ የታከሙ 1,070 የጡት ካንሰር ታካሚዎችን የተከታተለ ሥራ ከሌለ የሚደመር ነገር ከየት ይመጣል?

ተማሪዎቼ ፕሮፖዛል ሲያመጡ መጀመሪያ የማየው በጀቱን ነው። የስልክ ካርድና የመስክ ትራንስፖርት አነስተኛ መሆኑ አያስገርመኝም፤ ለውጭ ጆርናል የኅትመት ክፍያ የያዙት ከሱ ሲበልጥ ግን ሁለቱን አቀያይራችሁ አምጡ እላለሁ።