አጭር ጨዋታ ልብን የሚነካው በምንድን ነው?

የአምባሰል ስም ሲነሣ ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ቅኝቱን ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ከሚባሉት ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶቻችን አንዱ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ከወሎ አገር ነው። ቅኝቱ አምስት ድምፅ ብቻ ያለው ሲሆን፣ እንደ ማሪቱ ለገሠ ያለች ድምፃዊት ስታዜምበት ግን የሰሚውን ሆድ ያባባል። ስለዚህ በጥቂት መሣሪያ ብዙ ስሜት መቀስቀስ እንደሚቻል ለወሎ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ግን ስለ ዘፈን ሳይሆን ስለ ጨዋታ ነው። በጥቂት ደቂቃ የሚያልቅ ጨዋታ የሰውን ልብ ሊነካ ይችላልን? ከቻለስ ኃይሉ የሚገኘው በየትኛው ክፍሉ ነው?

ጨዋታ የልጆች ነገር ስለሆነ የኮሌጅ ተማሪ ሊደክምበት አይገባም የሚሉ ይኖራሉ። ነገር ግን ዛሬ ብዙ ወጣት በስልኩ ላይ ሲጫወት ይውላል፤ ሰው ጊዜውን የሚሰጠውን ነገር ሳይመረምሩ መናቅ ደግሞ ሂስ ሊባል አይችልም። እንግዲህ ከውጭ አገር ሁለት፣ ከእኛም ሁለት ምሳሌ ወስደን እንመልከት።

አሜሪካዊው ጄሰን ሮረር እ.ኤ.አ. በ2007 «ፓሴጅ» የተባለ የኮምፒዩተር ጨዋታ ሠራ። ትርጓሜው «መተላለፊያ» እንደ ማለት ነው። ጨዋታው በአምስት ደቂቃ ያልቃል። ሥዕሉ ወርዱ 100፣ ቁመቱ 16 ነጥብ ብቻ ስለሆነ የሰው ፊት እንኳ በደንብ አይለይበትም። ተጫዋቹ አንድ ወጣት እየመራ ወደ ቀኝ ይጓዛል፤ ገና ሲጀምር አንዲት ሴት ያገኛል። ከተጠጋት አብራው ትሄዳለች። ሁለት ሆነው ግን በጠባቡ መንገድ ማለፍ ስለማይችሉ፣ ሀብት ያለባቸው ሣጥኖች ብዙዎቹ ይቀሩባቸዋል። ብቻውን የሄደው እንደ ልቡ ይገባል፣ ይወጣል። በሁለቱም መንገድ ሰውዬው ያረጃል፤ ሴቲቱ ካለች ቀድማው ትሞታለች፤ ጥቂት ቆይቶ እርሱም ይሞታል። ጨዋታው በዚህ ያበቃል። የኒው ዮርክ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2012 መጀመሪያ ከሰበሰባቸው 14 የቪዲዮ ጨዋታዎች አንዱ ይኸው ነው።

ኀዘኑ ከሥዕሉ የመጣ እንዳንል፣ ሥዕሉ ነጥብ ብቻ ነው። ከታሪኩ የመጣ እንዳንል፣ «አንድ ሰው ኖረ፣ አረጀ፣ ሞተ» ቢሉት የሚያለቅስ የለም። የመጣው ከጨዋታው ሕግ፣ ይኸውም ከጠባቡ መንገድ ነው። ሴቲቱን መርጦ ሀብቱን ያስቀረ፣ ወይም ሀብቱን መርጦ ሴቲቱን የተወ ራሱ ተጫዋቹ ነው። በዘፈን የሌላ ሰው ጉዳት እንሰማለን፤ በእንዲህ ያለው ጨዋታ ግን በገዛ እጃችን እናጣለን። ማጠሩም ለዚሁ ይረዳዋል፤ ረጅም ጨዋታ የተበላሸውን ለማቃናት ጊዜ ይሰጣል፣ አጭሩ ግን አይሰጥም። ባለቅኔ ጉዞውን ሰም፣ ዕድሜን ወርቅ ይለው ነበር።

ከዚህ ጋር የቤልጅጉ ቴል ኦፍ ቴልስ እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣውን «ዘ ግሬቭያርድ» (መካነ መቃብሩ) ብናስተያይ ልዩነቱ ይገለጣል። አንዲት አሮጊት በመቃብር መካከል ቀስ ብላ ሄዳ ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ ዘፈን ይሰማል፤ ተነሥታም ትመለሳለች። በገንዘብ በሚሸጠው ቅጂ ደግሞ እዚያው ልትሞት ትችላለች። የእርምጃዋ ዝግታ የተጫዋቹን ችኩል እጅ እርጅናን ስለሚያስተምረው ሊመሰገን ይገባል። ከዚያ በኋላ ግን ስሜቱን የሚሸከመው ዘፈኑ ነው፤ ተጫዋቹ የሚመርጠውም የሚያጣውም ነገር የለም። በእኔ አስተያየት ከፓሴጅ የሚያንሰው በዚህ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። እንቆቅልሽ በሐይቅና በአምባሰል ሰውም ዘንድ ሆነ በሌላው አማርኛ ተናጋሪ አገር የታወቀ ጨዋታ ነው። ጠያቂው «እንቆቅልሽ» ሲል ተጠያቂው «ምን አውቅልሽ» ይላል። መልሱን ያላወቀ «አገር ስጠኝ» ይባላል። የዕውቀት ፈተና ብቻ ቢሆን ኖሮ መልሱን መንገር ይበቃ ነበር፤ ሕጉ ግን የተሸነፈው በገዛ አፉ አገር እንዲሰጥ ያስገድዳል። አሸናፊውም አገሩን ተቀብሎ እዚያ ያገኘውን ደስታ እያወራ ተሸናፊውን ይሣለቅበታል፤ መልሱ የሚነገረው ከዚያ በኋላ ነው።

አገር ማለት በእኛ ቋንቋ መንደርም፣ ወገንም፣ መላው ኢትዮጵያም ነው። የሐይቅ ልጅ ሐይቅን ልስጥ ወይስ አይቼው የማላውቀውን ሩቅ ከተማ ብሎ ሲያመነታ፣ የሚወደውና የማይሳሳለት ተለይቶ ይታወቃል። ውጫሌን ወይም ግሸንን ከሰጠ በኋላ ቃሉን መመለስ አይችልም። ጨዋታው ሁለት ደቂቃ ባይሞላም ምርጫና ማጣት አለበት፤ የፓሴጅ ጠባብ መንገድ ከእኛ ዘንድ በቃል ተሠርቶ ይገኛል ማለት ነው።

የአገራችን የጨዋታ ሠሪዎች ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው። ቅኔ ጌምስ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው «ኩኩሉ» ከሚያሳድዳት ገበሬ የምትሸሽ ዶሮ የምናስሮጥበት ጨዋታ ነው። የአገር መልክና ቀልድ ስላለው ያስደስታል። የሩጫው ሕግ ግን በዓለም ሁሉ የታወቀው ነው፤ የእኛን ልብስ ለብሶ ይሮጣል እንጂ ሕጉ ከእኛ አልተወለደም። ልብን የሚነካ ጨዋታ የሚሻ ሰው ከልብሱ ይልቅ ሕጉን ከ«አገር ስጠኝ» ቢማር ይጠቀማል።

ለተማሪዎች ወንድሞቼና እኅቶቼም አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ከሐይቅና ከአምባሰል እንቆቅልሽ የምትሰበስቡ ሁሉ ጥያቄውንና መልሱን ብቻ አትጻፉ። ማን የትኛውን አገር ሰጠ፣ የትኛውን ለመስጠት አመነታ፣ አሸናፊውስ ምን አለ የሚለውንም መዝግቡ። ይህ ካልተጻፈ የሚቀረን የቃል ዝርዝር ነው፤ ጨዋታው ራሱ ግን ከሽማግሌዎቹ ጋር ይሄዳል።