ከመድረክ የቀረው ግብር

ከግርማቸው ተክለ ሐዋርያት እስከ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ድረስ ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ የተጻፉት ተውኔቶች በተመልካቹ ልቡና ውስጥ ትተውት የሚያልፉት ምስል መድፍና ሽጉጥ፣ ጋፋትና መቅደላ ነው። ይህ አያስወቅስም። ነገር ግን ያን ዘመን ካናወጡት ጠቦች ሁሉ ለተውኔት እጅግ የሚመቸው፣ ስለ ግብር የተነሣው ጠብ፣ ተገቢውን ቦታ አግኝቶአል ለማለት አይቻልም።

ንጉሡ በየካቲት 1847 ዓ.ም. በስሜን ደረስጌ ማርያም ዘውድ ከጫኑ በኋላ ከጎንደር ካህናት ጋር የተጋጩት በመሬት ነበር። ገሚሱ የመስቀል መሬት፣ ገሚሱ ሪም እየተባለ በቤተ ክህነት እጅ ከገባ ሠራዊቴን በምን ልመግብ ሲሉ ጠየቁ። ከካህናቱ ወገን የተሰጠው መልስ፣ ዜና መዋዕሉ እንደሚነግረን፣ እንደ ጥንቱ ልማድ ዓመቱን ከሦስት ከፍለው፣ አራት ወር ከጎንደር፣ አራት ወር ከአሪንጎ፣ አራት ወር ከይባባ እየሰፈሩ በዙሪያው ያለውን አገር ይብሉ የሚል ነበር። አርማጭሆና ትግራይ ለጎንደሩ ሰፈር የተመደቡ ነበሩ።

ይህን መልስ ከድብ ባሕር ሆኖ ማድመጥ ያስፈልጋል። ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ትግራይ የሚዘልቅ ሠራዊት የሊማሊሞን ገደል ሲወርድ ከእግሩ ሥር የሚያገኘው የድብ ባሕርን ገበሬ ጎተራ ነው። እንግዲህ ሁለት ባለ ሥልጣኖች ስለ ክፍያ ይከራከራሉ፤ ከፋዩ ግን ለጉባኤው አልተጠራም። ለአንድ ጸሐፌ ተውኔት ከዚህ የበለጠ ምን ይሰጠዋል?

ካህናቱ ግብር ሰወሩ ሊባል አይችልም፤ ልማዱ የእነርሱ ስለ ነበረ መሰወር አላስፈለጋቸውም። ቀረጥ ላለመክፈል በሌሊት ገደል ለገደል የሚሾልከውን ነጋዴ ግን ቋንቋችን «ኬላ ሰባሪ» ብሎ ሰይሞታል። ኬላው የማይመለከተውን ታላቅ ሰው የሚወቅስ እንዲህ ያለ ቃል አላበጀንም። (ባላገሩ የሚያገባውም ሆነ ጌታው አዳራሽ ውስጥ የሚያበላው «ግብር» መባሉ ራሱ አንድ ትዕይንት ያህል ይናገራል።)

በ1852 ዓ.ም. ንጉሡ ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን የሚበቃ መሬት አስቀርተው የተረፈውን ግብር ለሚከፍል ገበሬ ሰጡ። ነገር ግን ይህን ብቻ አሳይቶ የሚያበቃ ተውኔት ውሸታም ነው። በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን የዘረፈውና ያቃጠለው የእኒሁ ንጉሥ ሠራዊት ነውና።

ነገሩን በልብ ወለድ በሚገባ ያየው ሐዲስ ዓለማየሁ ነው። በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ፊታውራሪ መሸሻ ከልማዱ ውጭ የጠየቁትን ባላገሮች ሲከለክሏቸው ይዘምቱባቸዋል፤ በአበጀ በለው መሪነትም ይማረካሉ። ያ ገጽ የሚያስቀው ደራሲው ፊታውራሪውን ጭራቅ አድርጎ ስላልሣላቸው ነው፤ የሚገባቸውን እንደ ጠየቁ ከልባቸው ያምናሉ።

የዛሬዎቹ ተውኔቶቻችን የጎደላቸው ይኸው ነው። ሀብታሙ ሲቀርብ ውስኪ ይጠጣል፣ ቅምጥ ያበዛል፣ ሠራተኛውን ይሳደባል፤ ሁለተኛው የሒሳብ መዝገቡ ግን ከቶ አይታይም። ደመወዝተኛውም እንዲሁ ነው። በ2017 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕግ በወር ከ2,000 ብር በላይ በሚገኝ ደመወዝ ላይ እስከ 35 በመቶ የሚደርስ ግብር ይጥላል፤ ገንዘቡ ከሠራተኛው እጅ ሳይደርስ በፔሮሉ ላይ ተቀንሶ ይጠብቀዋል። ልሰውር ቢል እንኳ የሚሰውርበት ሌሊትም ገደልም የለው።

አንድ መምህር ይህን ደመወዝ ይዞ ወደ ሱቅ ይገባል እንበል። ባለ ሱቁ በትሕትና፣ «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» ሲል ይጠይቀዋል። በደረሰኝ ከሆነ 15 በመቶ ይጨመራል፤ ያለ ደረሰኝ ይቀንስለታል። የልጁን ጫማ ለመግዛት የመጣው መምህር፣ ከእርሱ አስቀድሞ ግብር የተወሰደበት ሰው፣ አሁን የባለ ሱቁን ግብር አብሮ እንዲሰውር በአክብሮት ተጋብዞአል፤ ከኪሱ ያለው ገንዘብ ደግሞ የሚበቃው ለቅናሹ ዋጋ ብቻ ነው። ባለ ሱቁም ክፉ ሰው መሆን አያስፈልገውም። ሁለት ተዋናይ፣ አንድ መደርደሪያና ድምፁ የማይሰማ አንድ የደረሰኝ መሣሪያ ይበቃሉ፤ ሴባስቶፖልን ወደ መድረክ ከመጎተት እጅግ ይቀላል።