ማሳከኩ ቆመ ማለት ፈንገሱ ሞተ ማለት አይደለም

ፋርማሲ ገብታችሁ ለጭርት ቅባት ስትገዙ ብዙ ጊዜ የምትሰሙት መመሪያ ይሄ ነው፦ «ጠዋትና ማታ በስሱ መቀባት፣ እስኪሻል ድረስ።» እኔ የተማርኩት ምህንድስና ነው። ለአንድ ማሽን እንዲህ ያለ መመሪያ ጽፌ ባቀርብ አማካሪዬ ሳያነበው ይመልስልኛል። «በስሱ» ስንት ነው? «መሻል»ስ በምን ይለካል?

የባሰው ሁለተኛው ነው። አብዛኞቻችን መሻልን የምንለካው በማሳከክ ነው። ማሳከክ ግን ሰውነታችን ለፈንገሱ የሚሰጠው ምላሽ እንጂ የፈንገሱ መጠን አይደለም። ክሎትሪማዞልን እንውሰድ። ፈንገሱ የሕዋስ ሽፋኑን የሚሠራበትን ኤርጎስቴሮል እንዳያመርት ያግደዋል። ይህ በአመዛኙ እድገቱን ይገታል እንጂ ወዲያው አይገድለውም። ቀሪውን ሥራ የሚጨርሰው ቆዳችን ራሱ ነው፤ ፈንገሱ የሰፈረበት የላይኛው ንብርብር ተራግፎ በአዲስ እስኪተካ ሳምንታት ይፈጃል። ከ2 እስከ 4 ሳምንት የሚታዘዘው፣ ምልክቱ ከጠፋ በኋላም ቀጥሉ የሚባለው ለዚህ ነው። ቴርቢናፊን ግን የጭርት ፈንገሶችን ስለሚገድል፣ በእግር ጣቶች መሃል ለሚወጣው ፈንገስ ብዙ ጊዜ 1 ሳምንት ይበቃዋል።

ነገሩን የሚያበላሸው ደግሞ «ሦስት በአንድ» የሆነው ቅባት ነው፦ ፀረ ፈንገስ፣ አንቲባዮቲክና እንደ ቤታሜታሶን ያለ ጠንካራ ስቴሮይድ በአንድ ትዩብ። በሽታውን ላልለየ ሻጭ ይመቻል፤ ከሦስቱ አንዱ መምታቱ አይቀርማ! ስቴሮይዱ ማሳከኩንና መቅላቱን በጥቂት ቀናት ያጠፋል፣ የቆዳውን መከላከያም አብሮ ያዳክማል። የመኪና የዘይት መብራት ሲበራ አምፖሉን ነቅሎ እንደ መንዳት ነው። ቀለበቱ ቅርጹን ያጣል፣ ፈንገሱ ከሥር ይሰፋል፣ በኋላ የሚያየው ሐኪምም ጭርት መሆኑን ለመለየት ይቸገራል። ከባድ እብጠት ሲኖር ሐኪም ለአጭር ጊዜ ሊያዝዘው ይችላል፤ ለብሽሽት፣ ለፊትና ለሕፃን ዳይፐር ሥር ግን በዘፈቀደ የሚቀባ ነገር አይደለም።

ህንድን ተመልከቱ። በዚያ የተስፋፋውና በ2020 ትራይኮፋይተን ኢንዶቲኒዬ የሚል ስም የወጣለት ፈንገስ ብዙ ጊዜ ቴርቢናፊንን ይቋቋማል። ባለሙያዎች ለመስፋፋቱ ከሚጠረጥሯቸው ምክንያቶች አንዱ እነዚህ ቅይጥ ቅባቶች ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንደ ልብ መሸጣቸው ነው። በ2023 ኒው ዮርክ ውስጥም በሽተኞች መገኘታቸው ተዘግቧል።

ታዲያ መመሪያው ምን ይበል? ቁጥር ይናገር። ከጠቋሚ ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ የተጨመቀ ክሬም ግማሽ ግራም ገደማ ነው፤ የ2 እጅ መዳፍ ከነጣቶቹ የሚያህል ቆዳ ይሸፍናል። ፈንገሱ የሚሠራው ጠርዙ ላይ ስለሆነ ቀለበቱን 2 ሴንቲ ሜትር ያህል አልፎ ይቀባ። አሁን እናስላ፦ በቀን 2 ጊዜ ሲቀባ 1 ግራም ይሆናል፤ ስለዚህ 15 ግራም የሚይዝ ትዩብ በ15 ቀን ያልቃል። የ4 ሳምንት ሕክምና ሁለት ትዩብ ይፈልጋል ማለት ነው። ይህን ሲገዛ ማን ይነግረዋል? ብዙ ሰው ሕክምናውን የሚያቆመው ትዩቡ ሲያልቅ ነው።

ትዩቡ ላይ አንድ መስመር ቦታ ከተረፈ ደግሞ «ለቆረቆር አይሆንም» ተብሎ ይጻፍ። በልጆች ራስ ላይ የሚወጣው ይህ ፈንገስ ፀጉሩ ውስጥ ስለሚገባ ክሬም ብቻውን አያድነውም፤ በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት ያስፈልገዋል፣ ያም ለሳምንታት።